ቢጫ ወባና የእንሰት ብብት፦ ከኦሞ ሸለቆ እስከ ወላይታ

(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



በወላይታ ገጠር ወደ አንድ ገበሬ ቤት የሚሄድ እንግዳ ከደጁ ሳይደርስ አስቀድሞ የሚያየው እንሰቱን ነው። እንሰት ከቤት ጥግ ተተክሎ፣ የከብት ፍግ እየተደረገለት፣ ለዓመታት ካደገ በኋላ ቆጮና ቡላ ይሆናል። በቆሎው ሳይደርስ ዝናቡ ቢቋረጥ ቤተሰቡ ዓይኑን የሚጥለው በእርሱ ላይ ነው። ከአጠገቡም ጎደሬ ይተከላል። የእነዚህ ተክሎች ቅጠል ከግንዱ ጋር በሚጋጠምበት ብብት ውስጥ ዝናብ በጣለ ቁጥር ጥቂት ውሃ ይቋጠራል፤ መጠኑ አንድ የቡና ስኒ እንኳ የማይሞላበት ጊዜ አለ። ይህ ንግግር የሚመለከተው ያንን ጥቂት ውሃና በውሃው ምክንያት ስለ ቢጫ ወባ የተደረገውን ጥናት ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በተለይም በኦሞ ሸለቆ፣ የቢጫ ወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር። የታመመው ሰው 100,000፣ የሞተው ደግሞ 30,000 ያህል እንደሚሆን ተገምቷል። በአፍሪካ ከተመዘገቡት የቢጫ ወባ ወረርሽኞች ሁሉ እጅግ የከፋው ይኸው ነው። ቁጥሩ ግምት የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። መንገድ ባልነበረበት፣ ጤና ጣቢያ ባልተሠራበት አገር ሟቹ በመንደሩ ሳይመዘገብ ተቀበረ፤ ተመራማሪው የደረሰው ከቀብሩ በኋላ ነው። ኦሞ የወላይታ ምድር የምዕራብ ድንበር ስለ ሆነ፣ ያ ዕልቂት ለወላይታ የሩቅ አገር ወሬ አልነበረም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚከብደው ሌላ ነገር ነው። ማክስ ታይለርና ባልደረቦቹ አሥራ ሰባት ዲ የተባለውን ክትባት ያገኙት በ1937 ነበር። ታይለር በ1951 የኖቤል ሽልማት የተቀበሉትም በቢጫ ወባ ላይ ስለ ሠሩት ሥራ ነው። ስለዚህ የኦሞ ሸለቆ ሰው ያለቀው መድኅኑ ሳይታወቅ ቀርቶ አይደለም፤ መድኅኑ ከታወቀ ከሃያ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ነው።

ወረርሽኙን ያጠኑት በአዲስ አበባ በነበረው የኢትዮጵያ ፓስተር ተቋም ይሠሩ የነበሩት ሴሪዬ፣ አንድራልና ባልደረቦቻቸው ናቸው። የጥናታቸው ውጤት በተከታታይ ጽሑፎች ሆኖ በ1968 በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት ታተመ። የገጠማቸው ጥያቄ ቫይረሱን ከሰው ወደ ሰው የሚያደርሰው ማን ነው የሚል ነበር። በአሜሪካ ከተሞችና ወደቦች ተጠያቂው ኤዴስ ኤጂፕታይ የተባለችው፣ በማሰሮና በበርሜል ውሃ የምትራባው ትንኝ መሆኗ ከታወቀ ቆይቷል። በኦሞ መንደሮች ግን ዋናዋ ተጠያቂ እርስዋ ሆና አልተገኘችም። ተመራማሪዎቹ በመንደሩ ውስጥ በብዛት ያገኟት ኤዴስ ሲምፕሶኒ የተባለችውን ነው። ትሎችዋም የተገኙት ከረግረግ ወይም ከኩሬ ሳይሆን ከእንሰትና ከጎደሬ ቅጠል ብብት ነበር። ከትንኞችም ቫይረሱን ለይተው አወጡ። ከዚያም ወደ ጫካው ተሻግረው የጦጣና የጉሬዛ ደም ሲመረምሩ ቫይረሱ ከዚያም እንደ ደረሰ የሚመሰክር ፀረ እንግዳ አካል አገኙ።

ጉዳዩ ፈጽሞ አዲስ አልነበረም። በ1940ዎቹ መጀመሪያ በኡጋንዳ፣ ብዋምባ በተባለው አገር የተደረገ ጥናት ቫይረሱ በጫካው አናት በጦጣዎች መካከል እንደሚዘዋወር፣ ጦጣዎቹ ሙዝ ሊሰርቁ ሲወርዱም በሙዙ ብብት የምትራባው ትንኝ ከእነርሱ ወስዳ ለገበሬው እንደምታደርስ አሳይቶ ነበር። በኢትዮጵያ የሙዙን ቦታ የያዘው እንሰት ነው። ልዩነቱ ግን ቀላል አይደለም። ሙዝ ብዙ ጊዜ ከማሳ ይተከላል፤ እንሰት ግን ከመኝታ ቤቱ ግድግዳ አጠገብ ይቆማል።

እዚህ ላይ ለረጅም ጊዜ ሊቃውንትን ያከራከረ አንድ ነገር አለ። ኤዴስ ሲምፕሶኒ በአንዱ አገር ሰውን አጥብቃ ስትነክስ በሌላው ጨርሳ የማትነካ ሆና ተገኘች። ነገሩን ያቃናው ለብዙ ዓመታት ይህንን የትንኝ ወገን ያጠኑት ሁዋንግ የተባሉ ሊቅ ሥራ ነው። በአንድ ስም ይጠሩ የነበሩት ከአንድ በላይ የትንኝ ዓይነቶች እንደ ሆኑ፣ በምሥራቅ አፍሪካም ቫይረሱን የምታደርሰው ኤዴስ ብሮሜሊዬ መሆኗን በ1986 አስታወቁ። ትንኝን በአጉሊ መነጽር እያዩ ክንፍና እግር መቁጠር ከንቱ ድካም ለሚመስለው ሰው ይህ በቂ መልስ ነው። የማትነክሰውን ትንኝ ቆጥሮ ሕዝቡ ከአደጋ ላይ ነው ማለትም፣ የምትነክሰውን ሳይለይ ሰላም ነው ማለትም፣ ሁለቱም ሰው ይገድላሉ።

ከስም ጋር የተያያዘው ችግር በአማርኛም አለ። «ቢጫ ወባ» የሚለው ስም በሽታውን ከወባ ያዛምደዋል፤ በሁለቱ መካከል ግን ትኩሳትና ትንኝ ካልሆነ በቀር ዝምድና የለም። ወባ በጥገኛ ሕዋስ ይመጣል፤ ትንኙም አኖፌለስ ነው፤ የሚነክሰው በሌሊት ስለ ሆነ አጎበር ያግደዋል። የቢጫ ወባ ምክንያት ግን ቫይረስ ነው፤ የእንሰቷም ትንኝ የምትነክሰው በቀን ብርሃን፣ ሴቲቱ ጓሮ ስትኮተኩት፣ ልጁ ከጥላው ሥር ሲጫወት ነው። ለዓመታት ረግረግ አድርቅ፣ ከአጎበር ሥር ተኛ እየተባለ የተመከረ ገበሬ «ወባ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ፊቱን ወደ ቆላው ረግረግ ቢያዞር አይፈረድበትም። አደጋው ግን ከጀርባው፣ ከጓሮው ነው።

ዓይኑ ቢጫ የሆነ በሽተኛ ደግሞ በሕዝቡ ዘንድ «የወፍ በሽታ» ይዞታል ይባላል። ይህ ስም የጉበት በሽታን ሁሉ ያጠቃልላል። የወፍ በሽታ መድኃኒቱ በባህል ሐኪም እጅ ነው ተብሎ ስለሚታመን፣ ቤተሰብ በሽተኛውን ይዞ በቅድሚያ የሚሄደው ወደዚያው ነው። ወደ ጤና ጣቢያ ቢመጣም የሐኪሙ ሥራ ቀላል አይሆንም። በዚያው አገር የከፋ ወባ፣ የግርሻ ትኩሳትና በቫይረስ የሚመጣ የጉበት ብግነት ዓይንን ቢጫ ያደርጋሉ። ቫይረሱን ራሱን በደም ውስጥ ማግኘት የሚቻለው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ብቻ ነው። ዓይን ቢጫ እስኪሆን የተጠበቀ እንደ ሆነ ቫይረሱ ብዙ ጊዜ ከደም ጠፍቶ ይገኛል። ከዚያ በኋላ የሚመረመረው ፀረ እንግዳ አካል ሲሆን፣ እርሱም እንደ ደንጊ ካሉ ዘመድ ቫይረሶች ጋር ስለሚምታታ ተጨማሪ ማረጋገጫ ይፈልጋል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ውድ መሣሪያ አይደለም። «የወፍ በሽታ» የሚለውን ቃል ከመንደር የሰማች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ትኩሳቱ የጀመረበትን ቀን ጠይቃ በዚያው ዕለት ወደ ወረዳው ማስታወቋ ነው።

ከ1960ዎቹ በኋላ በሽታው ለሃምሳ ዓመት ያህል ስሙ ሳይሰማ ቆየ። በ2013 በደቡብ ኦሞ ተመልሶ ሲነሣ 165 ተጠርጣሪ በሽተኞች ሲመዘገቡ 62ቱ ሞተዋል፤ አብዛኞቹም ከደቡብ አሪ ወረዳ ነበሩ። ሃምሳ ዓመት መቆየቱ ለሊቃውንት እንግዳ ነገር አይደለም። ከቢጫ ወባ የተረፈ ሰው ዕድሜ ልኩን አይያዝም፤ ከወረርሽኙ በኋላ የተወለደው ትውልድ ግን ያለ መከላከያ አድጓል። በ2018 ተራው የወላይታ ሆነ። ከነሐሴ ወር አንሥቶ በኦፋ ወረዳ 35 ተጠርጣሪዎች ተገኝተው 10 ሰዎች ሞቱ። ናሙናው ሴኔጋል፣ ዳካር ወደሚገኘው የፓስተር ተቋም ተልኮ ቢጫ ወባ መሆኑ ተረጋገጠ። በ2020 ደግሞ በጉራጌ ዞን ታየ። አሪ፣ ወላይታ፣ ጉራጌ፤ ሦስቱም የእንሰት አገሮች ናቸው። ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ነገር ግን የ1968ቱን ጽሑፎች ያነበበ ሰው ሳያስተውለው ሊያልፍ አይችልም።

ስለ ሥነ ሕይወታዊ አደጋ በሚነገርበት ጉባኤ ብዙ ጊዜ የሚነሣው የጦር ቤተ ሙከራ ነው። በእርግጥም በ1939 አንድ የጃፓን ጦር ሐኪም ከኒውዮርኩ የሮክፌለር ተቋም የቢጫ ወባን ቫይረስ ለማግኘት ሞክሮ ሳይሳካለት ቀርቷል። በጦር መሣሪያነት የታሰበ ቫይረስ መሆኑን ማወቅ ለጥንቃቄ ይጠቅማል። ይሁን እንጂ በኦሞ ሸለቆ 30,000 ሰው ያለቀው ማንም ጠላት ሳያስበው ነው። በመንደሩ ላይ ተፈጥሮ የሚያመጣውን የሚያስተውል ቅኝት ክፉ ሰው የሚያመጣውንም ያያል፤ የመጀመሪያውን ማየት ያልቻለ ግን ሁለተኛውን አያይም። በኖቬምበር 2025 ከደቡብ አሪ ብዙ በማትርቀው በጂንካ የማርበርግ በሽታ መገኘቱ ሲረጋገጥ፣ ጉዳዩ በቀጥታ የነካው ወላይታ ሶዶን መቀመጫው ያደረገውንና በ2023 የተቋቋመውን የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ነበር። ማርበርግ የትንኝ በሽታ አይደለም፤ ክትባቱም እንደ ቢጫ ወባ የተፈተነና የታወቀ አይደለም። የመጀመሪያውን በሽተኛ ለይቶ የማወቁ ሥራ ግን አንድ ነው።

እንግዲህ እንሰቱን ምን እናድርገው የሚል ጥያቄ ይነሣል። ይቆረጥ የሚል ሰው ቢኖር የወላይታን ቤት አያውቅም። በወላይታ መሬቱ ጠባብ፣ ሕዝቡ ብዙ ነው፤ ከአንድ ትንሽ ጓሮ እንደ እንሰት ብዙ አፍ የሚመግብ ተክል አይገኝም። እንሰት ራሱ ሌላ ጠላት አለበት። ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የእንሰትን አጠውልግ በሽታ የሚያመጣውን ባክቴሪያ ለይተው ያስታወቁት የፓስተር ተቋሙ ጽሑፎች በታተሙበት በ1968 ነው። በአንድ ዓመት ስለ አንድ ተክል ሁለት የተለያዩ ምርመራዎች ታተሙ፤ አንዱ ተክሉን የሚገድለውን፣ ሌላው በተክሉ ተጠግቶ ሰውን የሚገድለውን ገለጠ። የእርሻ ባለሙያ አጠውልግ የያዘውን እንሰት ንቀልና ቅበር ብሎ የመከረውን ገበሬ፣ የጤና ባለሙያ ደግሞ መጥቶ ደኅናውንም ቁረጥ ቢለው የሁለቱም ምክር ከደጁ ይመለሳል። የአረካ እርሻ ምርምር ማእከል ሰዎችና የጤና መሥሪያ ቤቱ ሰዎች ስለ እንሰት በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መነጋገር የሚገባቸውም ስለዚህ ነው። በየብብቱ ኬሚካል መርጨትም የሚሆን አይደለም፤ ቅጠሉ ብዙ ነው፤ ተክሉ ምግብ ነው፤ ዝናቡም በማግሥቱ ውሃውን ይመልሰዋል።

የሚቀረው ያው የ1937ቱ ክትባት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 እንዳስታወቀው አንድ ጊዜ የተከተበ ሰው ለዕድሜ ልኩ ይበቃዋል። ኦፋ ላይ በሽታው በተነሣ ጊዜ ክትባቱ ገና ከኢትዮጵያ መደበኛ የሕፃናት ክትባት ውስጥ አልገባም ነበር፤ የመጣው በዘመቻ፣ ሰው መሞት ከጀመረ በኋላ ነው። ከኦክቶበር 13 እስከ 20 ቀን 2018 ድረስ 31,000 ያህል ሰው ተከተበ። ዘመቻ ግን በዚያ ሳምንት በሕይወት ያለውን ብቻ ይደርሰዋል። ከዚያ ወዲህ በኦፋ የተወለዱት ልጆች ዛሬ ትምህርት ቤት የሚገቡበት ዕድሜ ላይ ደርሰዋል፤ ቀኑንም የሚውሉት እንሰቱ ሥር ነው።