በቃል ነው በቅጠል?

ሰላም፦ ጌታቸው፣ የወላይታ ገበሬ ማሳው ላይ ያለውን ስኳር ድንች «የአካባቢ ነው ወይስ የተሻሻለ?» ብትለው የሚሳሳት ይመስልሃል?

ጌታቸው፦ በገዛ ማሳው? አይመስለኝም።

ሰላም፦ ደቡብ ኢትዮጵያ ውስጥ የተደረገ ጥናት የገበሬዎቹን መልስ ከዲኤንኤ ውጤት ጋር አስተያይቶ ነበር። 20 በመቶው የአካባቢውን ዝርያ «የተሻሻለ» ብለዋል፤ 19 በመቶው ደግሞ የተሻሻለውን «የአካባቢ»።

ጌታቸው፦ ገበሬው ላይ አትፍረጂ! ስኳር ድንች የሚተከለው በሐረጉ ቁራጭ ነው። ቁራጩ ከጎረቤት፣ ከዘመድ፣ ከገበያ ይመጣል፤ ስሙ መንገድ ላይ ይቀራል።

ሰላም፦ ኧረ አልፈረድኩም። የቅጠሉን ቅርጽና ቀለም አይቶ የመዘገበውም ሰው ከስህተት አልዳነም።

ጌታቸው፦ ታዲያ ዲኤንኤው በምን ይለያል?

ሰላም፦ ከቅጠሉ ትንሽ ተቆርጦ ላቦራቶሪ ይገባል። በዲኤንኤው ላይ ከዝርያ ዝርያ የሚለያዩ ነጠላ ፊደላት አሉ፤ ጠቋሚ የሚባሉት እነሱ ናቸው። አንዱ ብቻውን ብዙም አይነግርህም፤ ብዙዎቹ አብረው ሲነበቡ ግን እንደ ጣት አሻራ ናቸው።

ጌታቸው፦ አሻራ ደግሞ የሚመሳከርበት መዝገብ ይፈልጋል።

ሰላም፦ ከባዱ እሱ ነው። ለማመሳከሪያ የተያዘው ናሙና ራሱ የተቀላቀለ ከሆነ፣ ማሽኑ ያለምንም ማመንታት የተሳሳተ ስም ይሰጥሃል።

ጌታቸው፦ እንግዲህ «የተሻሻለ ዝርያ ይህን ያህል ሄክታር ሸፈነ» ሲባል፣ መጀመሪያ የምጠይቀው «በቃል ነው በቅጠል?» ብዬ ነው።

ሰላም፦ ጠይቅ። በቃል ከሆነ፣ የሁለቱ ወገን ስህተት ስለሚካካስ ድምሩ ትክክል ሊመስል ይችላል። ከዝርያው ማን ተጠቀመ ሲባል ነው ስሌቱ የሚበላሸው።