የላፕቶፑን ማጥፊያ ቁልፍ እናስተካክል
(በአስኮ በወርሃዊ ስብሰባችን ላይ የቀረበ)

ዛሬ የማነሳው ስለ ላፕቶፕ ማጥፊያ ቁልፍ ነው። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ እኔን ግን ከአንዲት እህታችን ጋር ሊያስተዛዝበኝ ነበር።

የቁጠባችንን መዝገብ እቤቴ በኤክሴል እንደምይዝ ታውቃላችሁ። አንድ ማታ የመጨረሻዎቹን የአራት ሴቶች ክፍያ አስገባሁና ሴቭ ሳላደርግ ቁልፉን ተጭኜ ተኛሁ። ላፕቶፑ ግን አልጠፋም፤ ስሊፕ ነበር የገባው። በስሊፕ ጊዜ ሴቭ ያልተደረገ ሥራ የሚቆየው ኃይል እስካለ ድረስ ነው። ባትሪው የደከመ ነው፤ ሌሊት መብራት ሄደ። ከአራቱ አንዷን «የዚህን ወር አልከፈልሽም» አልኳት። ደረሰኟን አውጥታ አሳየችኝ። በጣም አፈርኩ።

ማስተካከያው ቀላል ነው። ዊንዶውስ 10 ላይ ኮንትሮል ፓነል፣ ከዚያ ሃርድዌር ኤንድ ሳውንድ፣ ከዚያ ፓወር ኦፕሽንስ ግቡ። በግራ በኩል «ቹዝ ዋት ዘ ፓወር በተንስ ዱ» የሚለውን ተጫኑ። ከፓወር በተን ትይዩ ሁለት ምርጫዎች አሉ፤ አንዱ በባትሪ ስትሠሩ፣ ሌላው ሶኬት ላይ ስትሰኩ ነው። ሁለቱንም ወደ «ሸት ዳውን» ቀይራችሁ «ሴቭ ቼንጅስ» በሉ።

ሸት ዳውን ስንል ሴቭ ያልተደረገ ነገር ካለ ኤክሴል ይጠይቀናል። ስሊፕ አይጠይቅም። ክዳኑን ብቻ መክደንም ብዙ ጊዜ ስሊፕ ስለሆነ በእሱ አትተማመኑ።

የጠፋውን ከደረሰኞቹ ቀሪ ላይ መልሼ አስገብቻለሁ። ስለዚህ ኮምፒውተር አለን ብለን ደረሰኝ መቁረጥ አንተው።