ስለ ሊኑክስ አጠቃቀምና በፊደላችን ስለሚሠራ ፕሮግራም
(ዲላ ከተማ ውስጥ በተደረገ የማኅበሩ አባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)




ኮሚቴው ስለ ሊኑክስ እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ ጥቂት አመንትቼ ነበር። ስለ ነፃ ሶፍትዌር የሚደረጉ ንግግሮች አብዛኛውን ጊዜ በዓላማው ታላቅነት ተጀምረው በዚያው ያበቃሉ፤ አድማጩም ወደ ቢሮው ሲመለስ ኮምፒዩተሩን እንደተወው ያገኘዋል። እኔ ዛሬ ይዤ የመጣሁት ዲላ ውስጥ በሞያሌ መንገድ ዳር ባለች አነስተኛ መጠገኛ ክፍል ለዓመታት ስሠራ ካጋጠመኝ የተቀነጨበ ነው። በቅደም ተከተል የተደረደረ ትምህርት ባይሆን ይቅርታችሁን እጠይቃለሁ። የትእዛዞቹንም ስም በፊደላችን እየጻፍሁ አቀርባለሁ፤ በሥራ ላይ ግን በላቲን እንደሚጻፉ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

በቅድሚያ ስለ «ነፃ» ቃል ጥቂት ልበል። እንግሊዞች ነፃነት ላለውም ዋጋ ለማይከፈልበትም ነገር አንድ ቃል ብቻ ስላላቸው ልዩነቱን ለማስረዳት ብዙ ቀለም አፍስሰዋል። ለእኛ «በ» የምትባለው አንዲት ፊደል ትበቃናለች። «በነፃ» ስንል ገንዘብ ያልተከፈለበት ማለታችን ነው፤ «ነፃ» ስንል ደግሞ በራሱ የሚያድር ማለታችን ነው። ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 የግኑን ሥራ ሲያውጅ፣ ሊነስ ቶርቫልድስም በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1991 አስኳሉን ለሕዝብ ሲያቀርብ፣ ለእኛ የሚጠቅመን ሁለተኛው ትርጉም ነበር። ይኸውም ማንም ሰው ውስጡን ከፍቶ ማየት፣ ማረም፣ ማባዛትና ለባልንጀራው መስጠት ይችላል።

ጉዳዩ ዛሬ አጣዳፊ የሆነበት ምክንያት አለው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በየቢሮአችን ያሉትን አሮጌ ማሽኖች በአብዛኛው አይቀበልም። ከዲላ እስከ ገደብ ባሉ ጽሕፈት ቤቶችና ትምህርት ቤቶች እነዚህን ማሽኖች ጥሎ አዲስ የሚገዛ በጀት እንደሌለ ሁላችንም እናውቃለን። ሊኑክስ ሚንት የተባለው ዓይነት በ2 ጊጋ ባይት ሜሞሪ ይነሣል፤ 4 ካለ ደግሞ በደኅና ይሠራል። ዳሩ ግን ሁሉንም ማሽን ለውጡ አልልም። የሒሳብ ክፍላችሁ በፒችትሪ የሚሠራ ከሆነ ያንን አንድ ማሽን ተዉት። ሰው ደመወዙ ሲዘገይበት ስለ ነፃነት የሚነገረውን አይሰማም።

ከመጫን አስቀድሞ መሞከር ይገባል። ወደ 3 ጊጋ ባይት የሚጠጋውን የሚንት ፋይል ፍላሽ ላይ ጽፎ ማሽኑን ከፍላሹ ማስነሣት ይቻላል፤ በዚህ ጊዜ በማሽኑ ዲስክ ላይ ምንም አይነካም። ፎልደሮቹ ሁሉ ወደ አቋራጭ ምልክትነት የተለወጡበትን ፍላሽ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሊኑክስ ያ ቫይረስ የሚለጥፈውን የመደበቂያ ምልክት ስለማይቆጥር፣ ፍላሹ እንደተሰካ የጠፉት ፋይሎች በቦታቸው ይታያሉ። ብዙ ሰው ለሊኑክስ የተረታው በእኔ ስብከት ሳይሆን የመመረቂያ ጽሑፉን በዚህ መንገድ መልሶ በማግኘቱ ነው።

ፍላሹን «ዲ ዲ» በተባለው ትእዛዝ የምትጽፉ ግን ተጠንቀቁ። ትእዛዙ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ አይጠይቅም። እኔ በአንድ የችኮላ ቀን የፍላሹን ስም የጻፍሁ መስሎኝ የማሽኑን ዲስክ ስም ጽፌ፣ የአንድ ትምህርት ቤት የሴሚስተር ውጤት በእጄ አጥፍቻለሁ። መምህራኑ ከወረቀት ላይ እንደገና ሲመዘግቡ ሦስት ሌሊት አብሬአቸው ተቀምጫለሁ። ከዚያ ወዲህ «ኤል ኤስ ብሎክ» ብዬ የዲስኮቹን ዝርዝርና መጠን ሳላይ «ዲ ዲ» አልልም።

ለእኛ አገር ትልቁ ወጪ ኢንተርኔቱ ነው። በአንድ ክፍል ያሉ አሥር ማሽኖች አንድን ፕሮግራም አሥር ጊዜ ከውጭ ሊጎትቱ አይገባም። እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት አንድ ነገር አለ። «አፕት» በሚለው አጭር ትእዛዝ ስትጭኑ የወረዱት ጥቅሎች ከተጫኑ በኋላ ይሰረዛሉ፤ «አፕት-ጌት» በሚለው በቀድሞው ትእዛዝ ስትጭኑ ግን በማከማቻው ፎልደር ይቀራሉ። እነዚያን በፍላሽ ቀድታችሁ ተመሳሳይ ዓይነት ወደተጫነበት ወደ ሌላው ማሽን መውሰድ ትችላላችሁ። ክፍሉ በኔትወርክ የተያያዘ ከሆነ ደግሞ አንዱ ማሽን ላይ «አፕት-ካሸር-ኤንጂ» የተባለውን ብትጭኑ፣ አንዱ ያወረደውን ዘጠኙ ከእርሱ ይወስዳሉ። በመጫን መካከል መብራት ቢጠፋ አትደናገጡ። መብራት ሲመለስ «ዲፓኬጅ» ከሚለው ትእዛዝ ጋር «ኮንፊገር» እና «ኤ» የሚሉትን ምርጫዎች አክላችሁ ብትጽፉ የተቋረጠውን አብዛኛውን ጊዜ ከተወበት ይቀጥላል።

አሁን ወደ ፊደላችን ልምጣ፤ ለመናገር የፈለግሁትም በአብዛኛው ስለዚህ ነው።

አማርኛ ለመጻፍ «አይባስ» ከተባለው ጋር «ኤም 17 ኤን» የሚባለውን ጥቅል ጫኑ፤ ከዚያ ወጥታችሁ ስትገቡ «ሴራ» የሚባለውን የአጻጻፍ ዘዴ ከዝርዝሩ ታገኛላችሁ። ይህ ዘዴ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ካዘጋጁት ፊደላችንን በላቲን የመወከል ሥርዓት የመጣ ነው። ለፎንት «አቢሲኒካ» ወይም «ኖቶ» ይበቃል። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፈ የቆየ ደብዳቤ ስትከፍቱ የላቲን ፊደል ትርምስ ብታዩ ሊኑክስን አትውቀሱ። እነዚያ ፎንቶች «ሀ»ን በላቲን ፊደል ቦታ ላይ የሥዕል ያህል ለጥፈዋት ነበር፤ ፎንቱ በሌለበት በማናቸውም ማሽን ላይ ያው ትርምስ ይታያል። ፊደላችን የራሱን ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ነው።

በዚያ የተሰጠው አቀማመጥ ለፕሮግራም ሠሪ እጅግ ምቹ ነው። የ«ሀ» ቁጥር 4608 ነው፤ ለእያንዳንዱ ቤት ስምንት ስምንት ቦታ ተይዟል። በመሆኑም የአንድን ፊደል ቁጥር ለስምንት ስታካፍሉ ቀሪው ዜሮ ከሆነ ግዕዝ፣ 1 ከሆነ ካዕብ፣ 5 ከሆነ ሳድስ ነው። እንደ «ቈ» ያሉት ረድፎች ክፍት ቦታ ስላላቸው እዚያ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል እንጂ፣ የቀረው አያታችን በሰሌዳ ላይ ያስቆጠሩን ገበታ ራሱ ነው።

ይህ ለምን ይጠቅማል ለሚለው አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። በአንድ የቡና አምራቾች ማኅበር የትርፍ ክፍፍል በሚደረግበት ቀን አንድ አዛውንት ገበሬ መታወቂያቸውን ይዘው ቀረቡ። መታወቂያው «ዓለሙ» ይላል። መዝገቡን የያዘው ልጅ ስማቸውን ጽፎ ቢፈልግ ማሽኑ የለም አለው። ሰውዬው ቀይ ቡናቸውን በሙሉ ወቅት ለማኅበሩ ያስረከቡ ናቸው። በኋላ ሲመረመር መዝጋቢው «አለሙ» ብሎ ጽፏቸው ኖሯል። በዚያው መዝገብ ሌላ ሰው ደግሞ አንድ ጊዜ «ኃይሉ» አንድ ጊዜ «ሀይሉ» ተብሎ ሁለት ድርሻ ተይዞለት ተገኘ። ለጆሮ አንድ የሆነው ለማሽን ሁለት ነው። እኚያ አባት ገንዘባቸውን ያገኙት በሦስተኛው ሳምንት ነው፤ በሦስቱም ሳምንት ከቆጬሬ ድረስ ተመላልሰዋል።

መፍትሔው ከሃያ መስመር የማይበልጥ የፓይተን ፕሮግራም ነው። ለእያንዳንዱ ስም አንድ የመፈለጊያ ቅጂ ይሠራል። በዚያ ቅጂ ውስጥ ከ«ሐ» ቤት ቁጥር 16፣ ከ«ኀ» ቤት 128 ቀንሳችሁ ወደ «ሀ» ቤት ታመጣላችሁ። «ሠ» ላይ 16 ስትደምሩ «ሰ» ይሆናል፤ ከ«ዐ» 48 ስትቀንሱ «አ»፣ ከ«ፀ» 8 ስትቀንሱ «ጸ» ይሆናል። ለምሳሌ የ«ዓ» ቁጥር 4819 ነው፤ 48 ሲቀነስ 4771 ማለትም «ኣ» ይሆናል። ቀጥሎ «ኣ»ን ወደ «አ»፣ «ሃ»ን ወደ «ሀ» መለወጥ ነው፤ በእነዚህ ሁለት ቤቶች ግዕዙና ራብዑ በንግግራችን አንድ ናቸውና። በየረድፉ ግን ከሰባተኛው አትለፉ፤ ስምንተኛው ቦታ ሌላ ድምፅ የያዘ ወይም ባዶ ነው። ፍለጋው ሁሉ በቅጂው ላይ ይደረጋል። ባለቤቱ የጻፈው ስም በራሱ ዓምድ ውስጥ እንዳለ መቀመጥ አለበት፤ የሰውን ስም አጻጻፍ ማረም የእኛ ሥራ አይደለም።

ፋይል ስትከፍቱ ዩቲኤፍ 8 መሆኑን ሁልጊዜ በግልጽ ጻፉ። ሊኑክስ ላይ ባትጽፉትም ይሠራላችኋል፤ ያው ፕሮግራም ወደ ባልንጀራችሁ ዊንዶውስ በሄደ ጊዜ ግን ሊሰናከል ይችላል። በዚህ አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደላችን ሦስት ባይት ይወስዳል። «ዲላ» ሁለት ፊደል፣ ስድስት ባይት ነው። በባይት የሚቆጥር መዝገብ 30 ቦታ ሰጥቻለሁ ሲላችሁ የሰጣችሁ አሥር ፊደል ብቻ ነው፤ የአባት ስም መካከሉ ላይ ተቆርጦ የሚገኘውም ከዚህ የተነሣ ነው።

ስለ ዘመን አቆጣጠር በአጭሩ ላሳስብ። ከፈረንጆቹ ዓመት 8 ቀንሶ የሚያልፍ ፕሮግራም ብዙ አይቻለሁ። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023፣ ይኸውም በመስከረም 2016 ዓ.ም. ነው። 8 የቀነሰ ፕሮግራም 2015 ይላል፤ የሀገሩን ትልቅ ቀን በአንድ ዓመት ያፈናቅላል። ከመስከረም መባቻ እስከ ፈረንጆቹ ዲሴምበር መጨረሻ ልዩነቱ 7 ነው። የእኛ ዓመት ለአራት ተካፍሎ 3 ሲቀር ጳጉሜን ስድስት ቀን ትሆናለች፤ 2015 እንዲህ ያለ ዓመት ነበር። ቀኖቹን ከአንድ መነሻ ጀምሮ በተከታታይ ቁጥር ቆጥሮ መለወጥ ብቻ ነው የሚያስተማምነው።

ከቡና ጋር በተያያዘ አንድ ሌላ ነገር አለ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው የደን ጭፍጨፋ ደንብ መሠረት ወደዚያ የሚሄድ ቡና የበቀለበት መሬት መገኛ መመዝገብ አለበት። ከ4 ሄክታር ለማይበልጥ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል፤ ይህም የጌዴኦን ገበሬ ማሳ ሁሉ ለማለት ይቻላል ያጠቃልላል። ለዚህ ሥራ «ኪው ጂ አይ ኤስ» የተባለው ነፃ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ በሚገባ ይሠራል። ኬክሮሱንና ኬንትሮሱን ግን አታቀያይሩ። ዲላ በ6 ነጥብ 4 ሰሜንና በ38 ነጥብ 3 ምሥራቅ አካባቢ ነች። ሁለቱ ሲቀያየሩ ነጥቡ ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ፣ ከአልጄሪያ በስተሰሜን ይወድቃል። «ጂኦጄሰን» የሚባለው የፋይል ዓይነት ኬንትሮስን የሚያስቀድም በመሆኑ ስሕተቱ በቀላሉ ይፈጸማል።

በመጨረሻ ስለ ጌዴኡፋ። ቋንቋው በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ብዙዎች ችግር የለበትም ይላሉ። ስሙን ራሱን በላቲን ጻፉት፤ በመካከሉ ጭረት ምልክት አለች። ቃል የሚቆጥር ተራ ፕሮግራም ከዚያች ምልክት ላይ ይሰብረውና «ጌዴ» እና «ኡፋ» ብሎ ሁለት ቃል ያደርገዋል። አንዱ ጸሐፊ ቀጥ ያለችውን፣ ሌላው ጠመም ያለችውን ጭረት ሲጠቀም ደግሞ እንደ «ዓለሙ» እና «አለሙ» ይሆናል። መምህራኑ በአንዲቱ ቢስማሙ ፕሮግራሙን ማስተካከል የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ግን የአካባቢ ፋይሉ ነው። ሊኑክስ የየቋንቋውን የወራትና የቀናት ስም፣ የገንዘብ ምልክትና የመሳሰለውን የሚያነብባቸው ተራ የጽሑፍ ፋይሎች አሉት። አማርኛ አለው፤ ሲዳምኛና ወላይትኛም አላቸው። ጌዴኡፋ የለውም። በዓለም አቀፉ የቋንቋዎች መለያ የተሰጠው ባለ ሦስት ፊደል ኮድ እንኳ ዛሬ ሕዝቡ ከማይጠራበት «ደራሳ» ከሚለው የቀድሞ ስም የተወሰደ ነው። ኮዱን እኛ መለወጥ አንችልም፤ ፋይሉን ግን ጽፈን መላክ እንችላለን፤ ለዚህም የማንም ፈቃድ አያስፈልግም። ፋይሉ ለወራት የሚሰጠው ቦታ አሥራ ሁለት ብቻ ስለሆነ ጳጉሜን የምትገባበት የለም። የአማርኛው ፋይል ያደረገው የፈረንጆቹን ወራት «ጃንዩወሪ»፣ «ፌብሩወሪ» ብሎ መጻፍ ነው። ለጌዴኡፋ ምን ይሻላል የሚለውን ተናጋሪዎቹ እንጂ እኔ ልወስን አልችልም።

በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አንድ ወረቀት አስቀምጫለሁ፤ ሰባት መስመር ለቀናት፣ አሥራ ሁለት ለወራት ተሰምሮበታል። የቋንቋው ባለቤት የሆናችሁ አባላት ከሻይ በፊት ጎራ ብትሉበት ደስ ይለኛል፤ የማትስማሙበትን ቃል ሁለቱንም ጻፉት። ፍላሽ የያዛችሁ ደግሞ ሚንቱንና በአፕት-ጌት የተከማቹትን የአማርኛ ጥቅሎች ከእኔ ላፕቶፕ መቅዳት ትችላላችሁ። 8 ጊጋ ባይት ይበቃል፤ በላዩ ያለው ስለሚጠፋ ግን ባዶውን አምጡ።