በስኮትላንድ ትናንሽ ከተሞች ደኅና ምግብ ስለ ማግኘት

(በተማሪዎች ማኅበር የዓርብ ማታ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የማኅበራችን ጸሐፊ ስለ ስኮትላንድ የትምህርት አሰጣጥ እንድንናገር ሲጠይቀን በደስታ ተቀብለን ነበር። ዳሩ ግን በሚመጣው መስከረም ወደዚያ የሚሄዱት ባልንጀሮቻችን ምክር ፍለጋ ሲመጡ የሁሉም የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ቤተ መጻሕፍቱ አልነበረም፤ «ምን ትበሉ ነበር?» የሚል ነበር። ስለዚህ ጸሐፊያችንን ይቅርታ ጠይቀን ርእሱን ለወጥነው። ስለ ትምህርቱ ሌላ ዓርብ እንናገራለን።

እኛ በኤዲንብራ አንድ ዓመት የቆየን አራት ተማሪዎች ነን። በትልቅ ከተማ ጥቂት ገንዘብ ያለው ሰው አይራብም። ችግሩ የሚጀምረው አገር ለማየት ቅዳሜ በአውቶቡስ ወጥቶ ከአንዲት የባሕር ዳር መንደር ሲወርዱ ነው። የመጀመሪያው ጉዟችን እንዲህ ሆነ። አውቶቡሱ ዘግይቶ እነርሱ ሁለት ተኩል፥ እኛ ስምንት ተኩል በምንለው ሰዓት አደረሰን። ዝናቡ አያባራም። በመንደሪቱ አንድ ሆቴል አለ፤ ገባን፤ እሳቱ ይነዳል፥ ከእሳቱ አጠገብ አንድ ትልቅ ውሻ ተጋድሟል። ምሳ ብንጠይቅ «ወጥ ቤቱ በሁለት ሰዓት ተዘግቷል፤ በስድስት ይከፈታል» ተባልን። ስድስት ማለት ለእኛ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ውሻው እንኳ ከእኛ የተሻለ አቀባበል አግኝቷል ብለን አጉረመረምን። በአገራችን እንግዳ ደጅ ላይ ቆሞ «ወጥ ቤቱ ተዘግቷል» ማለት ነውር ነውና በጣም ተቀየምን፤ በአውቶቡስ መጠበቂያው ተቀምጠን ብስኩት በልተን ተመለስን።

በኋላ ግን ነገሩ ገባን። በእንዲህ ያለ ቦታ አብዛኛውን ጊዜ አብሳዩ አንድ ሰው ነው፤ አንዳንዴም ባለቤቲቱ ራሷ ናት። ምሳውን አብስላ፥ ሳህኑን አጥባ፥ ልጇን ከትምህርት ቤት አምጥታ እንደገና ለራት ትነሣለች። ማታም ቢሆን ከስምንት ወይም ከስምንት ተኩል፥ ማለት በእኛ ከሁለት ወይም ከሁለት ተኩል በኋላ የሚያበስል ማግኘት ያስቸግራል። ሰኞና ማክሰኞ የሚዘጉ ብዙ ናቸው፤ በክረምታቸው፥ ማለት ከኅዳር እስከ የካቲት፥ ፈጽመው የሚዘጉም አሉ። ስለዚህ ከመሄድ በፊት ስልክ መደወል ነው። እኛ መደወልን እንደ ልመና ቆጥረን ስናፍር ሁለት ጊዜ ጦማችንን አድረናል።

ደኅናውን ቤት ከመጥፎው እንዴት እንለያለን? በእጅ ስልክ ላይ የሰው ሁሉ አስተያየት ተጽፎ ይገኛል፤ ነገር ግን ከጻፉት የሚበዙት ለአንድ ቀን የመጡ መንገደኞች ናቸው። ደጃፉ ላይ የሚለጠፈውን የጤና ጥበቃ ወረቀትም ማየት መልካም ነው። በእንግሊዝ ከ0 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣል፤ በስኮትላንድ ግን «አልፏል» ወይም «መሻሻል ያስፈልገዋል» የሚል ብቻ ነው። ይህም ቤቱ ንጹሕ መሆኑን እንጂ ወጡ መጣፈጡን አይናገርም። እኛ ያገኘነው ምልክት ሌላ ነው። በምሳ ሰዓት የቧንቧና የኤሌክትሪክ ሠራተኞች መኪናቸውን የሚያቆሙበት ቤት አያሳፍርም። የምግቡ ዝርዝር አጭር ሆኖ በጠመኔ ከተጻፈ፥ አንዱም ምግብ አልቆበት ከተሰረዘ፥ እሰየው ግቡ። ሰማንያ ዓይነት ምግብ የተጻፈበት የተለበጠ ካርድ ካያችሁ ግን ከኋላ ትልቅ የበረዶ ሣጥን አለ ማለት ነው።

በአንድ ወደብ ያየነው ይህን ያስረዳል። ጀልባዎቹ ላንጉስቲን የሚባለውን ቀጭን የባሕር ፍጥረት ጭነው ገቡ። ስኮትላንድ ከዚህ ብዙ ታወጣለች፤ አብዛኛው ግን ወደ ስፓኝና ወደ ፈረንሳይ ይላካል። ዓይናችን እያየ በጭነት መኪና ተጭኖ ሄደ። ከወደቡ ፊት ለፊት ያለው ሆቴል ግን በዱቄት ተለውሶ የቀዘቀዘውን ከረጢት ፈትቶ ያቀርብ ነበር። ከመካከላችን ሁለቱ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን ስለማይነኩ አልቈጩም፤ ሌሎቻችን ግን እስከ ዛሬ እናነሣዋለን። ዓሣ አጥማጁን «የት እንብላ?» ብለን ብንጠይቀው ኖሮ ይነግረን ነበር።

ገንዘብ ለሚያጥረው ተማሪ ምግብ ቤት ብቻ አይደለም ያለው፤ ዳቦ ቤቱና ሥጋ ቤቱም አሉ። በፎርፋር ከተማ ብራይዲ የሚሉት በሊጥ የተጠቀለለ የበሬ ሥጋና ሽንኩርት አለ፤ ትኩሱን በወረቀት ይዞ እየሄዱ ይበላል። በጠንካራ ሊጥ የታሸገው የበግ ሥጋ ፓይም በየከተማው ይሸጣል፤ በዚህ ፓይ ዳቦ ቤቶች በየዓመቱ ይወዳደራሉ፤ ያሸነፈው የምስክር ወረቀቱን እንደ ዲፕሎማ በመስኮቱ ይሰቅላል። በአርብሮዝ ደግሞ ሀዶክ የሚባለውን ዓሣ በጨው አሽተው፥ ሁለት ሁለቱን በጅራታቸው አስረው በእንጨት ላይ ይሰቅሉና ከሥር በጠንካራ እንጨት እሳት ያጥኑታል፤ ጭሱ እንዳያመልጥ በረጠበ ጆንያ ይሸፍኑታል። እናቶቻችን የወተት ዕቃ በወይራ ሲያጥኑ ያየ ሰው ሽታው አያስደነግጠውም። ነገሩ የተጀመረው ኦክሚቲ በምትባል ጎረቤት መንደር ነው ይባላል። ከፈረንጅ 2004 ዓ.ም. ወዲህ ስሙ በሕግ የተጠበቀ ስለሆነ ከአርብሮዝ ዙሪያ 8 ኪሎ ሜትር ክልል ውጭ የተሠራ በዚህ ስም አይሸጥም። ከለን በምትባለው የሰሜን ምሥራቅ ወደብ ስም የሚጠራው ሾርባም ከታጠነ ሀዶክ፥ ከድንች፥ ከሽንኩርትና ከወተት ይሠራል፤ ለብርድ ከዚህ የሚሻል አላገኘንም። ሃጊስ የሚሉት የበግ ልብ፥ ጉበትና ሳንባ ከአጃና ከሞራ ጋር ተቀላቅሎ በጨጓራ የሚቀቀለው ነው። ፈረንጆቹ እንኳ ይፈሩታል፤ ዱለት የለመደ ሰው ግን ምን ያስፈራዋል?

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንመጣለን፤ እርሱም የጾምና የዓሣማ ነገር ነው። በአንድ ዓርብ ከአንዲት ትንሽ ሻይ ቤት ገባን። የዕለቱ ሾርባ ምስር ነው ተባልን። ከአገራችን ከወጣን ሦስት ወር ሆኖን ነበርና ምስር የሚለውን ቃል ስንሰማ ደስታችን ወሰን አልነበረውም። «ሥጋ አለበት?» ብለን ጠየቅን፤ «የለበትም» አሉን። ጾመኛው ጓደኛችን ሳህኑን በዳቦ ጠርጎ ሲጨርስ ከሥሩ አንዲት ቀይ ቍራጭ አገኘ። ሴትዮዋም በኩራት «የዓሣማ አጥንት ነው፤ ያለ እርሱ ምን ጣዕም አለው?» አሉን። ጓደኛችን ምንም ሳይናገር ተነሥቶ ወጣ። ሴትዮዋ ምግባቸው የተናቀ መስሏቸው ፊታቸው ቀላ። እኛም አራት ዓመት በእንግሊዝኛ ፈተና ስናልፍ ኖረን ያን ጊዜ የምንናገረው ጠፋን።

በመጨረሻ ከመካከላችን አንዷ ተመልሳ ሁሉንም አስረዳቻቸው። ዋሽተው አልነበረም። በእርሳቸው ዘንድ ሥጋ ማለት በሳህኑ ላይ የሚታየው ነው፤ የተቀቀለበት ውሃ ሥጋ አይባልም። ከዚያ ወዲህ «ሥጋ አለበት?» ብለን ጠይቀን አናውቅም፤ «በምን ውሃ ተቀቀለ?» እንላለን። ድንች ጥብስም እንዲሁ ነው፤ በየቦታው በዘይት ብቻ አይጠበስም፥ በበሬ ሞራ የሚጠበስበትም አለ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ እንተወዋለን። ሥጋ የሌለበት፥ ከአጃና ከጥራጥሬ የሚሠራ ሃጊስ መኖሩን ግን ጾመኞች ሁሉ እወቁ። ሙስሊሞች ጓደኞቻችንም ይህን የሾርባ ታሪክ ሰምተው ከእኛ ይበልጥ ጥንቁቅ ሆነዋል።

ከዓሣና ድንች ሱቆቹ መካከል ብዙዎቹን የከፈቱት ከጣልያን አገር፥ ይልቁንም ከባርጋና ከፒቺኒስኮ የመጡ ቤተሰቦች ናቸው፤ አይስ ክሬሙንም ያስለመዱ እነርሱ ናቸው። እኛ ስለ ጣልያን የተማርነው ሌላ ስለሆነ መጀመሪያ ነገሩ ከነከነን። በኋላ ግን በፈረንጅ 1940 ዓ.ም. ጣልያን ጦርነት ሲያውጅ ሱቃቸው እንደ ተሰበረ፥ ወንዶቹ እንደ ታሰሩ፥ አራንዶራ ስታር በምትባል መርከብ ሲወሰዱም በሐምሌ 2 መርከቧ ተመትታ ብዙዎቹ እንደ ሰጠሙ አነበብን። በኤዲንብራ በኩል በድንቹ ላይ ቡናማ ሶስ ያፈሱበታል፤ በግላስጎ ኮምጣጤ ነው። አንድ ሽማግሌ ባለሱቅ እኛ ሳናስበው «አቼቶ» ብንል እጃቸው በአየር ላይ ቆመ። ቃሉ የአያታቸው ቋንቋ ነበር፤ ከየት እንዳገኘነው ስንነግራቸው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ፤ ከዚያም ድንቹን ጨመሩልን።

ከሁሉ ሩቅ የሄድነው ወደ ኢንቨሪ ነው። ከሌላው አገር የሚያገናኘው የመኪና መንገድ የለም፤ ከማሌግ በጀልባ ወይም ተራራውን በእግር ነው። እዚያ ያለው መሸታ ቤት ከብሪታንያ ዋና ምድር ሁሉ ሩቁ ይባላል። በአካባቢው የሚኖሩት ከመቶ ብዙ አይበልጡም፤ ነገር ግን በፈረንጅ 2022 ዓ.ም. አክሲዮን ሸጠው ቤቱን የማኅበረሰቡ ንብረት አደረጉት። በእንዲህ ያለ ቦታ ቤቱ ቢዘጋ የሚጐዳው መንገደኛ ብቻ አይደለም፤ ነዋሪው ማታ የሚገናኝበት ያጣል።

ያችን ሻይ ቤት በግንቦት እንደገና አለፍንባት። ደውለን ነበር። ሴትዮዋ በትንሽ ድስት ለብቻው፥ በውሃና በሽንኩርት ብቻ የተሠራ ምስር አስቀምጠው ቆዩን፤ ጓደኛችንም ከሻንጣው በርበሬ አውጥቶ ሰጣቸው። አንድ ማንኪያ ሙሉ ጨመሩበት። ቀጥሎ የሆነውን የመስከረም ተጓዦች ሄዳችሁ ከእርሳቸው አፍ ስሙት፤ የአውቶቡሱን ሰዓትና ስልካቸውን ከጸሐፊው ዘንድ ትታችኋልና ውሰዱ ብለን እኛው ትተነዋል። አሁን ጥያቄ ያለው ይጠይቅ።