ሸዋ በር ላይ ኔትወርክ ሲጠፋ፦ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያዎች የገመድ አልባ ግንኙነት ዕቅድ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



የኢትዮጵያ የቴሌኮሙኒኬሽን ታሪክ ሲጻፍ መነሻው ሐረር ናት። እ.ኤ.አ. በ1894 በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሥራው የተጀመረው የስልክ መስመር ይህችን ከተማ ከአዲስ አበባ ጋር በ477 ኪሎ ሜትር ሽቦ ያገናኘ ነበር። ዛሬ የምናገርለት መስመር ሽቦም ምሰሶም የለውም። የሚያነሣው ጥያቄ ግን በዚያ ዘመንም የነበረ ነው፤ መስመሩ ሲቋረጥ ጫፉ ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ሰው ምን ይሁን?

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ስለ ጣቢያዎች ብዙ ተብሏል። ውይይቱ በአብዛኛው ስለ ትራንስፎርመርና ስለ ኪሎዋት ነው፤ ተገቢም ነው። ስለ ግንኙነቱ ግን «ሲም ካርድ ይገባበታል» ከማለት ያለፈ ሐሳብ ብዙም አልሰማሁም። እኔ ዛሬ የምሟገተው ይህን አባባል ነው።

ሸዋ በርን የመረጥሁበት ምክንያት አለኝ። የሐረር ሰዎች አስማዲን በሪ የሚሉት ይህ በር ከአምስቱ ጥንታውያን የጀጎል በሮች አንዱ ነው። በጀጎል ውስጥ የሚኖር ሰው መኪና ቢገዛ ደጁ ድረስ ሊያስገባው አይችልም፤ አብዛኛው መተላለፊያ ለእግረኛና ለአህያ የተሠራ ነው። የአዲስ አበባ ባለ ግቢ ማታ መኪናውን ከቤቱ ሶኬት ላይ ሰክቶ ይተኛል። የጀጎል ነዋሪ ይህ ዕድል የለውም። ስለዚህ ለእርሱ በበሩ አጠገብ የሚቆም የሕዝብ ጣቢያ ትርፍ አማራጭ ሳይሆን ብቸኛው አማራጭ ነው። ባጃጅ ነጂውም እንዲሁ። (የከተማችን ፔጆ 404 ታክሲዎች ምን እንደሚሆኑ አትጠይቁኝ፤ እነርሱን የሚነካ ዕቅድ አውጥቶ በዚህ ከተማ በሰላም የሚኖር መሐንዲስ ያለ አይመስለኝም።)

ፋይበር ቆፍረን እናስገባ የሚል ካለ ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት መመዝገቡን ላስታውሰው። ከግንቡ ሥር መቆፈርም፣ ግንቡ ላይ አንቴና መስቀልም የሚታሰብ አይደለም። የሚቀረን የሞባይል ኔትወርክ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ። ቻርጀርና ማዕከላዊ ሰርቨር በዓለም ላይ በስፋት የሚነጋገሩት ኦ.ሲ.ፒ.ፒ. በሚባለው ክፍት ፕሮቶኮል ነው። ቻርጀሩ ሲነሣ «ተነሥቻለሁ» ይላል፤ በየተወሰነ ጊዜ «አለሁ» ይላል፤ ደንበኛ ሲመጣ «ይህን ሰው ልፍቀድለት?» ብሎ ይጠይቃል፤ ኃይል ሲሰጥ የቆጣሪውን ንባብ ይልካል። በየደቂቃው አንድ ንባብ ቢልክ፣ እያንዳንዱ መልእክት ግማሽ ኪሎባይት ቢሆን፣ የአንድ ሰዓት ሥራ 30 ኪሎባይት ገደማ ነው። በስልካችሁ የምታነሡት አንድ ፎቶግራፍ ከዚህ መቶ ጊዜ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ «ለጣቢያው አምስተኛው ትውልድ ኔትወርክ ያስፈልጋል» የሚለውን ሽያጭ አትስሙ። ጣቢያው የሚፈልገው ፍጥነት አይደለም፤ መልእክቱ በሚያስፈልግበት ደቂቃ እንዲደርስ ነው።

ይህን የተማርሁት በአዲስ አበባ በአንድ ሕንፃ ምድር ቤት ነው። ጣቢያው አዲስ ነበር፤ የማን እንደሆነ መጥራት አያስፈልግም። ከእኔ ፊት የነበረው አሽከርካሪ የሰው መኪና ይዞ የሚሠራ፣ ማታ ለባለንብረቱ የቀን ገቢ የሚያስገባ ወጣት ነበር። ገመዱን ሰካ። በስልኩ ሊከፍል ሲል ኔትወርክ የለም። መወጣጫውን ሮጦ ወጥቶ ውጭ ላይ ከፈለ፤ ተመልሶ ሲወርድ ቻርጀሩ የሚጠብቅበት ጊዜ አልፎ ሥራውን ሰርዞታል። ገንዘቡ ሄዷል፣ ባትሪው ባዶ ነው። ጥበቃውን ጠየቀ፤ ጥበቃው «ሲስተም ነው» አለው። በስልክ መስመር ያነጋገሩት ሠራተኛም «ገንዘብዎ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይመለሳል» አሉት። ለእርሱ ግን የጠፋው የዚያ ዕለት ሥራ ነበር።

ልብ በሉ፤ የቻርጀሩ ሞደም በዚያች ሰዓት ጤነኛ ነበር። መቆጣጠሪያ ክፍል የተቀመጠው መሐንዲስ ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ መብራት ነው የሚያየው። የተቋረጠው የአሽከርካሪው ስልክ ነው። በሀገራችን ክፍያው በቴሌብርና መሰል መንገዶች በደንበኛው ስልክ በኩል የሚያልፍ እስከሆነ ድረስ አንድ ጣቢያ ሁለት ግንኙነት አለው፤ አንዱ የማሽኑ፣ አንዱ የሰውየው። ዕቅዳችን የመጀመሪያውን ብቻ ከለካ ግማሹን አልለካም።

ስለዚህ ሸዋ በር ላይ እንዴት እንለካ? በመጀመሪያ ሰዓቱ። ጠዋት ገበያው ሳይሞላ የተወሰደ ልኬት ያታልላል። ከበሩ ውጭ ያለው ገበያ ሲደምቅ ያው አንድ የኔትወርክ ማማ በብዙ ስልኮች ይጨናነቃል፤ ሲግናሉ ጠንካራ ሆኖ መልእክቱ ግን ሊዘገይ ይችላል። የሲግናል ጥንካሬና የመልስ ፍጥነት ሁለት የተለያዩ ልኬቶች ናቸው፤ ሁለቱም ይመዝገቡ።

ቀጥሎ ቦታው። የስልካችን መለኪያ ከ80 ዴሲቤል ኔጋቲቭ አካባቢ ካሳየ ደስ ይበለን፤ ወደ 110 ኔጋቲቭ ሲወርድ ግን ልዩነቱ 30 ዴሲቤል ነው፤ ይህም ማለት የሚደርሰን ኃይል አንድ ሺህ ጊዜ አንሷል። ወፍራም የድንጋይ ግንብ ጥቂት እርምጃ በመንቀሳቀስ ብቻ ብዙ ዴሲቤል ሊወስድብን ይችላል። የቆመ አይሱዙም እንዲሁ፤ ብረት ነውና። አንቴናው በቻርጀሩ ሣጥን ውስጥ ተደብቆ ከመጣ ከጭነት መኪናው ከፍታ በላይ በራሱ ምሰሶ ላይ ይውጣ። ወጪው ትንሽ ነው። ልኬቱም አንቴናው በሚቆምበት ከፍታና ደንበኛው ስልኩን በሚይዝበት ከፍታ፣ ሁለቴ ይወሰድ።

ሁለት ሲም ካርድ የሚለው ሐሳብ እዚህ ተግባራዊ ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2022 የሙከራ አገልግሎቱን ከአዲስ አበባ አስቀድሞ በድሬዳዋ ጀምሮ ወደ ሐረር ዘልቋል፤ ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር ሁለት አማራጭ አለን ማለት ነው። ነገር ግን ሁለት ሲም ሁልጊዜ ሁለት መንገድ አይደለም። የሁለቱም ማማዎች ኃይል ከአንድ የኤሌክትሪክ መስመር የሚመጣ ከሆነ፣ መብራት ረዘም ላለ ጊዜ ሲጠፋና የመጠባበቂያ ባትሪዎቹ ሲያልቁ አብረው ይወድቃሉ። መብራት ሲመለስ ደግሞ ቻርጀሩ ወዲያው ይነሣል፤ ማማው ገና ላይነሣ ይችላል። ኃይል ያለበት፣ ኔትወርክ የሌለበት ያ ክፍተት ነው ለእኔ ዋናው ጉዳይ። ሰልፍ የሚሠራበት ሰዓትም ያ ነው።

ፕሮቶኮሉ ለዚህ መፍትሔ አለው። ቻርጀሩ የታወቁ ደንበኞችን ዝርዝር በራሱ ውስጥ ይዞ ካርዳቸውን ያለ ሰርቨር ሊያረጋግጥ፣ የቆጣሪውን ንባብ አስቀምጦ ኔትወርክ ሲመለስ ሊልክ ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ይህን የሚያስችለውን ምርጫ የሚያበራ ሰው ነው። ባለ ጣቢያው «ባይከፍለኝስ?» ብሎ ያጠፋዋል። ፍርሃቱ ይገባኛል። እኔ ግን ኪሳራው በማን ትከሻ ይረፍ ቢባል፣ በየቀኑ ለሚመጣ ደንበኛ እስከ 5 ኪሎዋት ሰዓት ድረስ በዱቤ ይሰጥ እላለሁ። ባለሱቅ ለጎረቤቱ ስኳር በዱቤ ይሰጥ የለም እንዴ? አምስት ኪሎዋት ሰዓት ለባጃጅ የግማሽ ቀን ሥራ ያህል ሊሆን ይችላል፤ ለጣቢያው ግን መሸከም የሚቻል ዕዳ ነው።

አንድ ትንሽ የሚመስል ነገር ልጨምር፤ ሰዓት። ፕሮቶኮሉ ጊዜን የሚመዘግበው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። እኛ ከእርሱ በ3 ሰዓት እንቀድማለን፤ አቆጣጠራችን ደግሞ ከንጋት ይነሣል። ሰርቨሩ ከቀኑ 6 ሰዓት ብሎ የጻፈውን እኛ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» እንለዋለን፤ በሌላው አቆጣጠር ደግሞ 9 ሰዓት ነው። ደረሰኝ ይዞ የመጣ ደንበኛ «እኔ በዚያ ሰዓት ቤቴ ነበርሁ» ቢላችሁ አትደነቁ። መብራት ሲጠፋ የማሽኑ ሰዓት ራሱ ከተሳሳተ ደግሞ ክርክሩን የሚፈታ ማስረጃ የለም፤ ሰዓቱን የሚጠብቅ ትንሽ ባትሪ በግዢ ዝርዝሩ ውስጥ ይግባ።

ልኬቱን ለመጀመር ሦስት ቡድን ይበቃናል። የመጀመሪያው በሸዋ በር ገበያው ከመሙላቱ በፊት፣ ሁለተኛው ገበያው ሲደምቅ፣ ሦስተኛው መብራት በጠፋበት ሰዓት። ሦስተኛው ቡድን ቀጠሮ አይዝም፤ ስልካችሁን ቻርጅ አድርጋችሁ ጠብቁ። ስም መመዝገቢያው በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።