ብረት ያለበት መድኃኒት
በጤና ኮሚቴያችን ለአባላትና ለደጋፊዎች የቀረበ ንግግር



የታመሙ አባሎቻችንን ቤት ለቤት ስንጠይቅ አንድ ወሬ ደጋግሞ ይገጥመናል፤ «የካንሰሩ መድኃኒት ብረት ነው፣ ኩላሊት ይጨርሳል» የሚል። በዚህ ወሬ ምክንያት ከሕክምና ቀጠሮዋ ለመቅረት የምታመነታ እህት አለች። ወሬው ግማሹ እውነት ነው፤ ዛሬ የጎደለውን ግማሽ እንሙላ።

መድኃኒቱ ሲስፕላቲን ይባላል። በውስጡ ያለው ብረት ለጌጣጌጥም የሚውለው ፕላቲነም ነው። ውህዱን ጣሊያናዊው ሚኬሌ ፔይሮኔ እ.ኤ.አ. በ1845 ቢሠራውም፣ ካንሰርን እንደሚያክም ከመቶ ዓመት በላይ ያወቀ አልነበረም። በ1960ዎቹ በአሜሪካ ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ ባርኔት ሮዘንበርግና ባልደረቦቹ ኤሌክትሪክ በባክቴሪያ ላይ ምን እንደሚያደርግ ለማየት በፕላቲነም ዘንግ ኤሌክትሪክ ለቀቁ። ባክቴሪያዎቹ መከፋፈል አቁመው እንደ ክር ረዘሙ። ነገሩ ሲጣራ ምክንያቱ ከዘንጉ የሟሟው ፕላቲነም ሆኖ ተገኘ። ታዲያ ያለ ልክ የሚከፋፈለውን የካንሰር ሴልስ ያስቆም ይሆን? በአይጦች ላይ፣ ቀጥሎም በሰዎች ላይ ተሞከረ፤ በ1978 በአሜሪካ ተፈቀደ።

ይህ ማለት ፕላቲነም ሁሉ መድኃኒት ነው ማለት አይደለም። መሶብ ከበው የተቀመጡ አራት ሰዎችን አስቡ። መሶቡ ፕላቲነም ነው፤ ከበው የተቀመጡት ሁለት አሞኒያና ሁለት ክሎሪን ናቸው። ሁለቱ ክሎሪኖች ጎን ለጎን ሲቀመጡ መድኃኒት ይሆናል፤ ፊት ለፊት ሲቀመጡ ግን ካንሰርን አያክምም። ደማችን ውስጥ ጨው ብዙ ስለሆነ ክሎሪኖቹ ከቦታቸው እምብዛም አይነሱም። ጨው ወደሚያንስበት ሴል ሲገቡ ይለቃሉ። ፕላቲነሙም በተለቀቁት ሁለት ጎረቤት ቦታዎች ዲኤንኤን ጨብጦ ያጎብጠዋል። ሴሉ ዲኤንኤውን መገልበጥ ያቅተውና ይሞታል።

ጉዳቱንም አንደብቅም። ሲስፕላቲን ኩላሊትንና የመስማት ችሎታን ሊጎዳ ይችላል፤ ማቅለሽለሽና ትውከትም ያመጣል። ሐኪሞች ከመድኃኒቱ በፊትና በኋላ በደም ሥር ብዙ ፈሳሽ የሚሰጡትና የኩላሊት ምርመራ የሚያዙት ለዚህ ነው። የኬሚስትሪ ባለሙያዎችም ዝም አላሉም። ክሎሪኖቹን ቀስ ብሎ በሚለቅ ሌላ ክፍል ተክተው ካርቦፕላቲንን ሠሩ። እርሱ ለኩላሊት ይቀላል፤ የደም ሴሎችን ቁጥር ግን የበለጠ ስለሚቀንስ የደም ምርመራ ይፈልጋል። በሌላ አቀማመጥ የተሠራው ኦክሳሊፕላቲን ለትልቁ አንጀት ካንሰር ይሰጣል። እንግዲህ ብረቱ ያው ነው፤ የተለወጠው ዙሪያውን የከበበው ነው።

ይህ እኛን ሴቶችን በቀጥታ ይመለከተናል። በአገራችን የማኅፀን በር ካንሰር ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሴቶችን በብዛት የሚይዝ የካንሰር ዓይነት ነው። በ1999 የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም የጥናቶችን ውጤት ጠቅሶ፣ የጨረር ሕክምና ለሚያስፈልጋቸው የማኅፀን በር ካንሰር ሕሙማን ሲስፕላቲን የያዘ ሕክምና አብሮ እንዲታሰብላቸው ለሐኪሞች አሳሰበ። በእንቁላል እጢ ካንሰር ሕክምናም የፕላቲነም መድኃኒቶች ዋና ናቸው።

ስለዚህ እህቶቻችን፣ ሕክምና የጀመራችሁ ቀጠሮ አታቋርጡ። ሽንት ሲቀንስ፣ ጆሮ ሲጮህ፣ እጅ ወይም እግር ሲደነዝዝ ወዲያው ለሐኪም ተናገሩ፤ መጠኑን መቀነስም መድኃኒቱን መለወጥም የእርሱ ሥራ ነው። ዕድሜያችሁ ከ30 እስከ 49 የሆነ ሁሉ ቅድመ ምርመራ አድርጉ። ሴት ልጆቻችሁንም የኤችፒቪ ክትባት አስከትቡ።

ደጋፊዎቻችን ሆይ፣ መድኃኒቱ ቢገኝ እንኳ ከገጠር የመጣች እናት የምታድርበት ካጣች፣ የኩላሊት ምርመራ የምትከፍለው ከሌላት ሕክምናዋ ይቋረጣል። እጃችሁን የምንፈልገው ለአውቶቡስ፣ ለማደሪያና ለምርመራ ነው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። በማኅበራችን ውስጥ ማንም ብቻዋን አትደብቅ፤ ለኮሚቴያችን ንገሩን፣ አብረን እንሄዳለን።