በጉልበታችን ውስጥ ያለው ስብ



ባለፈው ወር የእድራችን ስብሰባ ሲያበቃ አንድ ነገር አስተዋልን። "እንነሣ" ሲባል ሳይደገፍ የተነሣው ሰው ጥቂት ነበር። ገሚሱ የፊቱን ወንበር ተደግፎ፣ ገሚሱ ግድግዳ ይዞ፣ ገሚሱም የጎረቤቱን ትከሻ ጨብጦ ነው የቆመው። "ኧረ ጉልበቴን!" ያላለ አልነበረም ማለት ይቻላል። እኛም ብንሆን ከእናንተ አልተሻልንም። ይህን ንግግር ያዘጋጀነው ሰዎች ራሳችን ደረጃ ስንወርድ ብረቱን ይዘን ነው። ስለዚህ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሌላ ሰው ሳይሆን ስለ ራሳችን ጉልበት ነው።

ጉልበት ሲያም ምክንያቱ ወዲያው ይነገራል። "ብርድ ነው" ይባላል። "ሪህ ነው" ይባላል። "እርጅና ነው፣ ምን ይደረግ" ይባላል። ሕመምተኛው ወፈር ያለ ከሆነ ደግሞ "ክብደቱ ነው፤ እግሩ መሸከም አቃተው" ይባላል። ይህ የመጨረሻው አባባል እውነት አለው። ግን ግማሽ እውነት ነው። እኛ ዛሬ የመጣነው ስለ ሌላው ግማሽ ለመናገር ነው።

ሐኪሞች ይህን በሽታ ኦስቲኦአርትራይተስ ይሉታል። የመጋጠሚያ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 595 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይህ በሽታ እንደ ነበረባቸው ተገምቷል። በብዛት የሚያጠቃውም ጉልበትን ነው።

ጉልበት ውስጡ ምን ይመስላል? ይህን ለማየት ሐኪም መሆን አያስፈልግም። በበዓል ቀን በግ ሲታረድ ታፋና ቅልጥም የሚለያዩበትን ቦታ ያየ ሰው ብዙውን ነገር አይቶታል። የሁለቱ አጥንቶች ጫፍ ነጭና የሚያብለጨልጭ ነው። ሲዳስሱት የተላጠ የተቀቀለ እንቁላል ይመስል ይለሰልሳል። ይህ ልም አጥንት ይባላል። አጥንት ከአጥንት ጋር እንዳይፋጭ የሚያደርገው እሱ ነው። ከፊት በኩል ትንሽ አጥንት አለች፤ የጉልበት ሎሚ የምንላት ናት። ከሎሚዋ ሥር ተነሥቶ ወደ ቅልጥም የሚወርድ ጠንካራ ጅማት አለ። አሁን ያን ጅማት ገለጥ አድርጉት። ከበስተኋላው ቢጫ ስብ ተጠቅጥቆ ይገኛል። ብልት የሚያወጣው ሰው ቆርጦ ለድመት ይጥለዋል እንጂ ማንም ልብ አይለውም።

እንዲህ ያለው ስብ በእኛም ጉልበት ውስጥ አለ። በቀጭኑም ሰው፣ በወፍራሙም ሰው ጉልበት ውስጥ አለ። አልበርት ሆፋ የሚባል ጀርመናዊ ቀዶ ጥገና ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1904 ስለዚህ ስብ ጽፎ ነበር። ስቡ ሲቆጣና ሲያብጥ ጉልበትን እንደሚያሳምም አመለከተ። ከዚያ ወዲህ በብዙ የሕክምና መጻሕፍት ውስጥ "የሆፋ ስብ" ተብሎ በስሙ ይጠራል።

ይህ ስብ ተራ ስብ አይደለም። ሰው ሲራብና ሲከሳ መጀመሪያ የሚያልቀው ከቆዳ ሥርና ከሆድ ዕቃ ያለው ስብ ነው። የጉልበቱ ስብ ግን ሰውየው አጥንቱ እስኪወጣ ቢከሳም እንኳ ሳይነካ ይቆያል። ሰውነት ለክፉ ቀን ያስቀመጠው ስንቅ አይደለም ማለት ነው። የሥራ ዕቃ ነው። በመጋጠሚያው ውስጥ ያለውን ክፍተት ይሞላል፤ እግር ሲታጠፍና ሲዘረጋ ቅርጹን እየለወጠ ግፊቱን ያለዝባል። ጤነኛ ሲሆን ወዳጅ ነው።

ሲታመምስ? እዚህ ላይ አንድ ታሪክ እንንገራችሁ። ስኮት ዳይ የሚባል አሜሪካዊ የአጥንት ሐኪም "በጉልበት ውስጥ የሚያመው የትኛው ክፍል ነው?" ብሎ ጠየቀ። መልሱንም በራሱ ጉልበት ላይ ፈለገ። መሣሪያው የሚገባበትን ቆዳ ብቻ አደነዘዙለት፤ የጉልበቱን ውስጥ ግን አላደነዘዙም። ባልደረባው በቀጭን ብረት ውስጡን አንድ በአንድ ሲነካካ እሱ ነቅቶ "እዚህ ያማል፤ እዚህ አያምም" ይል ነበር። ደፋር ነው መቼም! እኛ መርፌ ስናይ ፊታችንን እናዞራለን። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1998 ታተመ። የሎሚዋ ልም አጥንት በኃይል ሲነካ እንኳ ሐኪሙ ምንም አልተሰማውም። ከፊት ያለው ስብና በዙሪያው ያለው ስስ ሽፋን ሲነኩ ግን ሕመሙ ከባድ ነበር።

ይህ ለምን ሆነ? ልም አጥንት ነርቭ የለውም፤ የደም ሥርም የለውም። ስቡ ግን ብዙ ነርቭና ብዙ የደም ሥር አለው። አንዳንድ ሰው በኤክስሬይ ሲታይ ልም አጥንቱ በጣም ተበልቷል፤ እሱ ግን እምብዛም አያመውም። ሌላው ትንሽ ተበልቶበት ሌሊቱን ሲያቃስት ያድራል። ሁለተኛውን ሰው "ያካብዳል" ብለን የምናማ ብዙ ነን። ነገር ግን ሕመሙ የሚመጣው ኤክስሬይ ከማያሳየው ከለስላሳው ክፍል ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ወደ ውፍረት እንመለስ። ስብን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እንደ ጎተራ ነበር የምንቆጥረው። የተረፈው ምግብ ይገባበታል፤ ሲቸግር ይወጣል፤ ሌላ ሥራ የለውም ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 ግን ከስብ ወደ ደም የሚፈስ ሌፕቲን የተባለ ንጥረ ነገር ተገኘ። ስብ ለአንጎል መልእክት ይልካል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሌሎችም ብዙ መልእክቶች ታወቁ። ስብ ሲበዛና ሕዋሶቹ ከመጠን በላይ ሲወጠሩ ከሚልኳቸው መልእክቶች ብዙዎቹ የቁጣ መልእክቶች ይሆናሉ። ቁስል ሲቆጣ ቀልቶና አብጦ እንደሚሞቅ ታውቃላችሁ። ይህኛው ቁጣ አይታይም፤ ዝግ ያለ ነው፤ ግን ቀን ከሌት አይቋረጥም። በደም አድርጎ መጋጠሚያዎችን ሁሉ ይዳረሳል። በበሽተኛ ጉልበት ውስጥ ያለው የሆፋ ስብም እንዲህ ያሉትን ንጥረ ነገሮች እዚያው በቅርቡ ያመነጫል። ከልም አጥንቱ ጎን የተቀመጠ ጎረቤት ነውና ጉዳቱ ሩቅ መንገድ አይሄድም።

"ይህን በምን አወቃችሁ? ክብደቱ ብቻ ቢሆንስ?" የሚል ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። በመጀመሪያ እጃችሁን ተመልከቱ። ይህ በሽታ የእጅ ጣቶችንም ይይዛል፤ በወፍራም ሰዎች ጣት ላይም ይበዛል። በእጁ የሚሄድ ሰው አለ እንዴ? የለም። ስለዚህ ሸክም ብቻውን ነገሩን አያስረዳም።

ሁለተኛው ማስረጃ ከአይጦች የመጣ ነው። ሌፕቲን መሥራት የማይችሉ አይጦች አሉ። ያለ ልክ ይወፍራሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ግን እነዚህ እጅግ የወፈሩ አይጦች በጉልበታቸው ላይ በሽታው አልጠናባቸውም። ሸክሙ አለ፤ በሽታው የለም። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ተቃራኒው ተሞከረ። ከተፈጥሮ ስብ የሌላቸውን አይጦች ተመራማሪዎች ጉልበታቸውን ጎዱባቸው። የእነዚህ አይጦች ልም አጥንት እንደ ሌሎቹ አልተበላሸም። ጥቂት ስብ ሲተከልላቸው ግን ጉልበታቸው እንደ ማንኛውም አይጥ ለበሽታው ተጋለጠ። ክብደት ሳይሆን ስቡ ራሱ ይናገራል ያልነው ይህን ይዘን ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል ወፍራም ሰው ሁሉ ይታመማል፣ ቀጭን ሰው ይድናል ማለት አይደለም። ቀጭን ሆኖ የሚታመም ሞልቷል። ዕድሜ፣ በዘር የሚወረስ ነገር፣ ከዓመታት በፊት የደረሰ ስብራት ወይም ወለምታ ሁሉ ድርሻ አላቸው። ከወንዶች ይልቅም ሴቶች ይበዛባቸዋል። ስለዚህ ጉልበቷን ያመማትን ሴት "በልታ በልታ ነው" ብሎ መተረብ ነውር ብቻ ሳይሆን አለማወቅም ነው።

የሸክሙስ ነገር? እሱም አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው ከሰውነት 1 ኪሎ ሲቀንስ በየእርምጃው ከጉልበት ላይ 4 ኪሎ ያህል ጫና ይቀንሳል። 5 ኪሎ የቀነሰ ሰው በየእርምጃው 20 ኪሎ አወረደ ማለት ነው። ከቤት እስከ ገበያ ስንት እርምጃ እንደሆነ እናንተው ቁጠሩት። ፍራሚንግሃም በምትባል የአሜሪካ ከተማ በተደረገ ጥናትም፣ በ10 ዓመት ውስጥ 5 ኪሎ ያህል የቀነሱ ሴቶች በጉልበት በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ከግማሽ በላይ ቀንሶ ተገኝቷል። ይህ እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ ነው።

ከታመሙ በኋላስ ይጠቅማል? ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2013 ውጤቱ የወጣ አንድ ጥናት ጉልበታቸውን የሚያማቸውን 454 ውፍረት ያለባቸውን ሰዎች ለ18 ወራት ተከታተለ። ሁሉም 55 ዓመት የሞላቸው ወይም ከዚያ በላይ ነበሩ። አንዳንዶቹ ምግብ ብቻ ቀነሱ። አንዳንዶቹ እንቅስቃሴ ብቻ ሠሩ። የቀሩት ሁለቱንም አደረጉ። ሁለቱንም ያደረጉት በአማካይ 10 ኪሎ ያህል ቀነሱ፤ እንቅስቃሴ ብቻ ከሠሩት ይልቅም ሕመማቸው ቀለለ፣ አካሄዳቸው ተሻሻለ። በደማቸው ውስጥ ያለው የቁጣ መልእክትም ቀነሰ። የሆፋ ስብ ራሱ ቀልጦ ይጠፋል እያልን አይደለም፤ ቀደም ብለን እንዳልነው በረሃብም አይጠፋም። የሚቀንሰው ቁጣው ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። አንዲት ጎረቤታችን ጉልበቷን ሲያማት ሁላችንም በአንድ ቃል "እረፊ፣ ከቤት አትውጪ" አልናት። ገበያውን ልጆቿ ያዙላት። ቡናውን እሷ ዘንድ ሄደን ጠጣን፤ ዳቦውንም ይዘንላት ሄድን። ፍቅር ነው ብለን ነበር። በዓመቱ ከበፊቱ ወፍራ፣ የታፋዋ ጡንቻ ሰልሎ፣ ከአልጋ እስከ በር መሄድ አቃታት። ጉልበትን ደግፎ የሚያቆመው የታፋ ጡንቻ ነው፤ ካልተሠራበት ይሰልላል። ያን ጊዜ ይህን የነገረን ሰው አልነበረም። ቢነግረንም "ሕመምተኛን አታድክሙ" ብለን እንቆጣ ነበር ይሆናል።

የቡናውን ነገር ካነሣን ዘንድ አንድ ሒሳብ እንሥራ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለን በየሲኒው 2 የሻይ ማንኪያ ስኳር ብንጨምር 6 ማንኪያ ይሆናል። ጠዋትና ማታ ሲሆን 12 ማንኪያ ነው። ይህ ወደ 50 ግራም ይጠጋል። በወር አንድ ኪሎ ተኩል ስኳር በሲኒ ብቻ ጠጣን ማለት ነው! ዘይቱን፣ ቅቤውን፣ ዳቦውን ገና አልቆጠርንም። በጾም ወራትም ቢሆን እስከ ቀትር ቆይቶ በዘይት የዋኘ ወጥ መብላት ክብደት አይቀንስም። ቡና አትጠጡ አንልም፤ እኛም አንተወውም። ስኳሩን ግን ከ2 ወደ 1፣ ከ1 ወደ ምንም ማውረድ ይቻላል። "ወፈርሽ፣ ተመችቶሻል" የሚለውን ምርቃታችንንም ብናስብበት ጥሩ ነው።

ስለ መድኃኒት አንድ ነገር ብቻ እንበል። ከጎረቤት ተውሶ ኪኒን መዋጥ እዚህም ሰፈር አለ። ዴክሳሜታዞንና ፕሬድኒሶሎን የተባሉት ሕመሙን ለጊዜው ያስታግሣሉ። ግን ረሃብ ያመጣሉ፣ ያወፍራሉ፣ የደም ስኳርና ግፊት ከፍ ያደርጋሉ፣ አጥንትም ያሳሳሉ። ጉልበትን ለማዳን የተዋጠው መልሶ ጉልበትን ይጫናል ማለት ነው። ዳይክሎፌናክም ሲዘወተር ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል። እነዚያን ሁለቱን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ግን በድንገት አያቁም፤ አደጋ አለው፤ ከሐኪም ጋር ይነጋገር። ጉልበት በድንገት አብጦ ቢቀላና ቢግል፣ ትኩሳትም ቢኖር፣ ይህ የምንናገርለት በሽታ አይደለም። ያኔ ለወጌሻም ለቅቤም ጊዜ የለም፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ነው።

በሉ አሁን ወንበራችሁን ወደ ኋላ ሳብ አድርጉና ጀርባችሁን አስደግፉ። ከዘራ የያዛችሁ አስቀምጡት። በነገራችን ላይ ከዘራ የሚያዘው ከታመመው ጉልበት በተቃራኒው እጅ ነው፤ ብዙዎቻችሁ ተሳስታችሁ ይዛችሁ ስትገቡ አይተናል። ቀኝ እግራችሁን ከመሬት አንሡና ቀጥ አድርጋችሁ ዘርጉ። የታፋው ጡንቻ ሲጠነክር በእጃችሁ ዳስሱት። ከበድ ያለ ሕመም የተሰማው ዝቅ አድርጎ ይያዘው። እስከ 10 አብረን እንቁጠር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... እትዬ፣ እርስዎ ትንፋሽዎን ይዘዋል፤ ይልቀቁት። ስምንት፣ ዘጠኝ፣ ዐሥር። በቀስታ አውርዱት። አሁን ደግሞ የግራውን።